ከጥምቀት እስከ ቅበላ

ባለፈው እትም አንዲት እናት «ልጆቼ አጋዘን ምን ዓይነት አውሬ ነው ብለው ጠየቁኝ፤ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይጻፍላቸው» ብለው ነበር። እኛ እናውቃለን። ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ ይህችን ጽሑፍ አንዳችን እየተናገርን ሌላችን እየጻፍን፥ በየመስመሩም እየተጨቃጨቅን አዘጋጅተናታል። ስለ አጋዘን ለመጻፍ ተነሥተን ሌላ ነገር ውስጥ ገብተናልና ታገሡን።

እንግዲህ ለልጆቹ፦ በ10 ሳንቲም ላይ የተሣለው የደጋ አጋዘን ነው፤ የኛው የቆላው ዘመዱ ነው። መልኩ አመድማ ሲሆን ከጀርባው ወደ ሆዱ የሚወርዱ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች አሉት። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ ያውም እንደ ገመድ የተጠመዘዘ፥ ሙሉ ሰው ሲሆን ሁለት ዙር ተኩል የሚዞር። ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ ካልተነቃነቀ አጠገቡ ደርሳችሁም አታዩትም። ሲደነግጥ ቀንዱን ወደ ጀርባው አጋድሞ ይሾልካል። ነገር ግን አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ጥቂት ሮጦ ቆም ይልና ዞሮ ያያል። አዳኝ የሚጠብቀው ይህችኑ ነው።

አባታችን ጥምቀት እንዳለፈ ጠመንጃውን ከመወልወሉ በፊት ቄሱ ዘንድ ሄዶ «ዘንድሮ ነነዌ መቼ ትገባለች?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ነነዌ ቶሎ ስትገባ ጥር 17 ቀን ትውላለች፤ ስትዘገይ እስከ የካቲት 21 ትሄዳለች፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይከተላታል። ሥጋው ቋንጣ ሆኖ ለቅበላ ቤት መድረስ ነበረበት። ስለዚህ የአደናችንን ወራት የሚቆርጥልን ባሕረ ሐሳብ ነበር ማለት ይቻላል። በ1986 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 28 ቀን ስለ ነበረ አባታችን ከቄሱ ቤት እየሣቀ ተመለሰ።

ከአለፋ ደጋ ጫፍ ተነሥተን ወደ ቋራ ቆላ በ3 ቀን እንወርዳለን። ሁለት አህያ፥ በሶ፥ ሽሮ፥ ጨው፥ በርበሬ፤ እናታችን ለወባ ይሆናል ብላ የምትቋጥርልን ነጭ ሽንኩርትም አለ። ሰዎቹ አባታችን፥ አጎታችን፥ ሁለት ጎረቤቶችና እኛ ሦስት ወንድማማቾች ነበርን። ያን ጊዜ ሦስት ነበርን። ከጎረቤቶቹ አንደኛው በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ጥይት ሲተኩስ አላየነውም፤ የሚመጣው ከሚስቱ ለማረፍ እንደ ሆነ ራሱም አይደብቅም ነበር። ግን ወጥ ይሠራ ስለ ነበር ሁሉም ይወደዋል።

የምንሰፍረው አይማ ወንዝ ዳር፥ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው። ከሽመልና ከሣር ዳስ እንሠራለን። በዚያ ወራት ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል፤ ሣሩም ተቃጥሎ አገሩ ይገለጣል፤ አውሬው ሁሉ ውኃ ፍለጋ ወደ ኩሬው ይመጣል። ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጎ፥ ሳያስሉ መቀመጥ ነው ሥራው። አባታችን ውጅግራ ነበረው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 በፈረንሳይ አገር የወጣ፥ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። «አንድ ጥይት ያለው ሰው ያስባል» ይል ነበር። አጎታችን ምንሽር ነበረው፤ ብዙም አያስብም ነበር።

በሰፈርን በሦስተኛው ቀን የአባታችን ወዳጅ በቅል ማር ይዞ ይመጣል። ጉሙዝ ነው። ሰዎቻችን በዚያን ዘመን እነሱን የሚጠሩበትን ስም እዚህ አንጽፈውም፤ አባታችን ግን «ወዳጄ» ብቻ ነበር የሚለው። በ1977ቱ ረሃብ አባታችን እህል ፍለጋ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሲወድቅ፥ ከመንገድ አንሥቶ ቤቱ አስገብቶ ያስታመመው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አባታችን ጨው ይወስድለታል፤ እሱም ማር ያመጣል፤ አብረውም ያድናሉ። ጠመንጃ የለውም፤ የሚያድነው በደጋን ነው።

ሰፈራችን አንድ ሕግ ነበረው። መጀመሪያ ደም ያፈሰሰ ባለቤት ነው። ሌላው ቢጨርሰውም ቀንዱ፥ ቆዳውና አንድ ታፋው የመጀመሪያው ነው፤ የቀረው በነፍስ ወከፍ ይከፈላል፤ ወጥ ሠሪውም እኩል ይደርሰዋል። አባታችን በዚህ ሕግ ቀልድ አያውቅም ነበር።

የዚያን ዓመት አንድ ማለዳ አጎታችን ከኩሬው በላይ አድፍጦ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን መታ። የልጆች ሥራ ቢላ ይዞ መሮጥ ነው፤ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ካልታረደ በክት ይሆናልና። ሦስታችንም ሮጥን። ከኛ ታላቁ አረደው። ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። ታፋው ላይ የተሰበረ ፍላጻ ተሰክቶ ነበር። ዙሪያው ያለው ደም ደርቆ ጠቁሯል። ሌሊቱን ቆስሎ ያደረ አውሬ ነው።

አጎታችን እያለከለከ ደረሰ። ፍላጻውን አየ፤ እኛን አየ። «ሲሮጥ የወጋው እንጨት ነው፤ ነቅላችሁ ጣሉት» አለን። ነቀልነው። ታናሻችን፥ የ9 ዓመት ልጅ፥ «እንጨት ብረት አለው እንዴ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ሾላው ወደ ወንዙ ከዘረጋው ሥር በታች አሸዋውን በእጃችን ቆፍረን ቀበርነው። እጃችንንም በዚያው አሸዋ አሸነው።

እኩለ ቀን ላይ ወዳጃቸው መጣ። የደሙን ፍለጋ እየተከተለ ነበር የመጣው። አጎታችን ቀንዱን አቁሞ ዘራፍ እያለ ይፎክራል፤ ሥጋው በከፊል ተበልቷል፤ የቆሰለውም ታፋ ተዘልዝሎ ገመድ ላይ ተሰቅሏል። ሰውየው ዝም ብሎ ጥቂት ቆመና «አያ፥ ፍላጻዬን አይታችኋል?» አለ። አጎታችን አላየንም አለ። አባታችን ወደኛ ዞረ።

«ልጆች፥ ያረዳችሁት እናንተ ናችሁ። ፍላጻ ነበረበት?»

«አልነበረበትም» አልን። ታናሻችን አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥነው። ከመካከላችን የረገጠው የትኛችን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ይህን ስንጽፍም ተጣልተንበታል።

አባታችን ለወዳጁ ፍሪምባውን ቆርጦ ሰጠው። ተቀበለ። ከሾላው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለውና ሄደ። ሥጋው እዚያው ተሰቅሎ ቀረ፤ ሰፈር ስንነቅልም አልነካነውም። በሚቀጥለው ዓመት ማር የሚያመጣ ሰው አልመጣም። አባታችን 3 ቀን ጠበቀ፤ ጨዉን ዛፉ ሥር አስቀምጦለት ተመለሰ። በሦስተኛው ዓመትም እንዲሁ። «ምን አደረግሁት?» ይለን ነበር፤ ለኛ ለልጆቹ፥ እሳት ዳር ተቀምጦ። እኛም «እንጃ» እንለዋለን።

አደኑ ራሱ ብዙ አልቆየም። መጨረሻ ላይ 3 ሌሊት ተቀምጠን ሚዳቋ እንኳ ሳናይ የተነሣንበት ጊዜ ነበር። በ1998 ዓ.ም. አካባቢው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ መከልከሉ አግባብ ነው እንላለን፤ የጨረስነው እኛው ነንና። አጎታችን ቀንዱን እስኪሞት ድረስ ከምሰሶው አላወረደውም። አባታችን በ2003 ዓ.ም. ዐረፈ። በታመመበት ወቅት ልንነግረው ሁለት ጊዜ ተቀመጥን፤ ሁለት ጊዜም የቡና ወሬ አውርተን ተነሣን። ታናሻችን በ2014 ዓ.ም. ድንበሩን ስንሻገር አብሮን አልነበረም፤ ከብቶቹን ትቼ አልሄድም ብሎ ቀረ። ከሚያዝያ 2015ቱ የሱዳን ጦርነት ወዲህ ወሬውም ተቋርጦብናል። የሚቆጨን ብዙ ነገር አለ፤ ሌሊት የሚነሣብን ግን የዚያች እግሩ ነገር ነው።

ከውኃው ቦቴ ወዲያ፥ ከመተማ በኩል የመጡ አንድ የጉሙዝ አዛውንት አሉ። ባለፈው ወር ለልጅ ልጃቸው የፍላጻ ዘንግ በእሳት ሲያቃኑ አየናቸው፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ዘንጉን ይመለከቱታል። ወዳጃቸውም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ቡና ጠራናቸው፤ እላይ የጻፍነውን ሁሉ ነገርናቸው። ለማንም ተናግረነው አናውቅም። እሳቸው ሰውየውን አያውቁትም፤ የኛን አገር ወንዝም አያውቁትም። ቶናውን እስኪጠጡ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን።

«ብረት ነበረው?»

«ነበረው፥ አባባ።»

«ብረት ከነበረውማ ተመልሶ ፈልጎታል» አሉ። «ብረት ውድ ነበር። ብዙ ቀን ነው የሚፈልገው።»

ቀጥለው በረካውን ጠጥተው፥ መርቀውን ሄዱ።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፥ ከመካከላችሁ ከአይማ ወንዝ ወዲያና ወዲህ የመጣችሁ፥ ወይም ወደዚያ የምትልኩት ሰው ያላችሁ ብትኖሩ፦ ሰውየው ያን ጊዜ የ40 ዓመት ገደማ ሰው ነበር፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም፤ ማር ቆራጭ ነው። በሕይወት ከሌለ ልጆች ነበሩት። ፍላጻው ያለው ከሾላው ወደ ውኃው ሲወርዱ በስተግራ ከሚገኘው ትልቅ ሥር በታች፥ አንድ ክንድ ያህል ጥልቀት ላይ ነው፤ ክረምቱ ካልወሰደው። መልስ ያለው ሰው ለዚህች ጽሑፍ አዘጋጆች ይስጥልን፤ ወይም በ7ኛው ረድፍ፥ ከወፍጮው ጀርባ ይጠይቀን። አመሻሽ ላይ ሁልጊዜ አለን።