ከአሮጌው መስታወት ጋር የሄደ ቦሎ

ጎረቤቴ የተሰነጠቀ የፊት መስታወቱን ሶማሌ ተራ አስቀየረ። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊው ከአሮጌው መስታወት ጋር ወለቁ። ራጉኤል አካባቢ መኪናውን አቁሞ ዕቃ ገዝቶ ሲመለስ ትራፊኩ ቅጣት እየጻፈ ደረሰበት።

«ልጄ፣ ምርመራውንም አልፌያለሁ፣ መድኑንም ከፍያለሁ። መስታወቱን ቀይሬ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ የማየው መስታወቱ ላይ ያለውን ነው። ማስረጃ ካለዎት አቤት ይበሉ።»

ልጁን አልወቅሰውም። ዓመታዊ ምርመራውም መድኑም በሕግ የተደነገጉ ናቸው፤ ፍሬኑ ያልተፈተሸ መኪና ያን ሁሉ ተሸካሚና እግረኛ መሀል እንዳይገባ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ቦሎው የምርመራው ምልክት እንጂ ምርመራው ራሱ አይደለም። ሕጉን የፈጸመ ሰው ሙጫ ስለከዳው ብቻ ጥፋተኛ መባል የለበትም።

ጎረቤቴ የምርመራ ወረቀቱን፣ የመድን ውሉንና የመስታወቱን ደረሰኝ ሰብስቦ መስታወቱን ወዳስቀየረበት ሱቅ ተመለሰ። አሮጌው መስታወት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቦሎው ጥጉ ላይ አለ፤ በምላጭ ሊልጡት ሞክረው አንድ ጎኑ ተቀዷል፣ ዓመተ ምሕረቱ ግን ይነበባል። በስልኩ ፎቶ አነሳው።

አቤቱታውን የተቀበለው ሰው ፎቶውን ከወረቀቶቹ ጋር አስተያይቶ ቅጣቱን አነሳለት። «ምትክ ቦሎ ሳያወጡ ግን እንዳያቆሙት» አለው።