ሸሚዙን ያላወለቀው ልጅ

በመምህርነቴ ዘመን አንድ የ14 ዓመት ተማሪዬ በስፖርት ሰዓት ሸሚዜን አላወልቅም ቢለኝ፥ እንቢተኛ መስሎኝ በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት። በማግሥቱ እናቱ መጥተው ጡቱ እንደ ልጃገረድ ማጎጥጎጡን በሹክሹክታ ቢነግሩኝ እጅግ አፈርሁ።

ሐኪሙም ባየው ጊዜ፥ ይህ በጉርምስና ወራት የሆርሞን ሚዛን ሲዛባ እኩሌታ ያህሉን ወንዶች ልጆች የሚያገኝ፥ አብዛኛውን ጊዜም በ2 ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት የሚጠፋ ነገር መሆኑን አስረዳን። ሕክምና የሚያሻው ከዚያ አልፎ ሲቆይ ነው፤ ጠጣር እብጠት ወይም ፈሳሽ ሲታይበት ግን ሳይውል ሳያድር መመርመር ይገባል።

ዓመት ሳይሞላ የልጁ ደረት እንደ ቀድሞው ሆነ፤ በክፍል ውስጥ ግን እጁን አንሥቶ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ወላጆችና መምህራን ሆይ፥ ልጅን ከመገሠጻችን በፊት ለብቻው ጠርተን እንጠይቀው።