እህል የማይበቅልበት የዘር ጎተራ

ከኖርዌይ ምድር በስተሰሜን፣ በባሕር መካከል፣ ስቫልባርድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ዛፍ አይበቅልባቸውም። ከሥር ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ በብርድ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። ሞፈርና ቀንበር አያውቀውም።

ወቅቱም እንደኛ አይደለም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ፀሐይ አትወጣም። ቀኑም ሌሊት ነው። ልጆች በጨለማ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ሎንግየርብየን የምትባለውን ከተማ ተራራ ስለሚጋርዳት ፀሐይ የምትደርስላት በየካቲት መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ወጥቶ በደስታ ይቀበላታል።

ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ጭራሽ አትጠልቅም። በእኩለ ሌሊት ጥላዎን ያያሉ! በረዶው ይቀልጣል፤ ሣር ብቅ ይላል፤ አጋዘን ይግጣል፤ የባሕር ወፎች በገደሉ ላይ ይፈለፍላሉ። ከከተማ የሚወጣ ሰው ግን ጠመንጃ ይይዛል፤ ነጭ ድብ አለና።

ታዲያ እዚህ አገር የዓለም ዘር ተከማችቷል ቢባል ማን ያምናል? እውነት ነው። በ2000 ዓ.ም. ተራራ ተፈልፍሎ የተሠራ የዘር ጎተራ ተከፈተ። ከብዙ አገር የመጣ የስንዴ፣ የገብስ፣ የማሽላ ዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ብርድ ይቀመጣል። ነቀዝ አይደርስበትም።

በሶርያ ጦርነት ተነሣና አንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ከዘር ማከማቻው ተለየ። በ2008 ዓ.ም. አደራ ያስቀመጠውን ዘር ከዚህ ወሰደ። በሞሮኮና በሊባኖስ ዘራው፤ አበዛው፤ ከፊሉንም መልሶ አስቀመጠ።

ገበሬ ቢርበው እንኳ ለዘር ያለውን አይነካም። ይህም ጎተራ ሥራው ያው ነው። የእኛስ ዘር እንዴት ተቀምጧል? እንወያይበት።