አረሙ ከአሸዋው ጋር መጣ

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አንፎ አካባቢ ቤት እየሠራሁ ነው። ባለፈው ዓመት ገንዘብ አጠረኝና ሥራውን ለአራት ወር አቆምኩት። አንድ ቢያጆ አሸዋ አጥሩ ጥግ ተቆልሎ ቀረ። ሰኔ ላይ ስመለስ ክምሩ አረንጓዴ ለብሷል። ቅጠሉ የካሮት ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ነጭ አበባ አውጥቷል።

ሁለት የቀን ሠራተኞች በባዶ እጃቸው ነቅለው ከአጥሩ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ጣሉት። እኔም ቆሜ አያለሁ። በማግሥቱ የአንደኛው ክንድ ሽፍ ብሎ አበጠ። ሦስት ቀን አልሠራም። የቀን ሠራተኛ ካልሠራ ምን እንደሚበላ ታውቃላችሁ።

ጥቅምት ላይ ወተት የምወስድባቸው ጎረቤቴ እማማ፣ «ልጄ፣ ሰሞኑን ወተቱ መረረብኝ፤ ደንበኞቼ እየመለሱብኝ ነው። ላሟን አሟት ይሆን?» አሉኝ። ላሟ የምትግጠው ያ ወንዝ ዳር ነው። ሄጄ ሳየው ነጭ በነጭ ሆኗል።

ፎቶውን ለአንድ የግብርና ባለሙያ ወዳጄ ላኩለት። «ቅንጨ አረም ነው» አለኝ። ፓርቲኒየም የሚባለው። ምሥራቅ ኢትዮጵያ ውስጥ በኦሮምኛ ፋራምሲሳ ይሉታል፤ «አስፈራሚ» እንደማለት ነው። አንዱ ተክል ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ዘር ይሰጣል፤ አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ደግሞ ለዓመታት አይሞትም። ቆዳ ይቆጣል፣ ብናኙ አስም ይቀሰቅሳል፣ ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል።

አገራችን የገባው በ1960ዎቹ መጨረሻ እንደሆነ ይነገራል። አንዳንዱ ከእርዳታ እህል ጋር ነው ይላል፣ ሌላው በኢትዮ ሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በወታደር መኪና። የትኛውም ይሁን፣ በጭነት ነው የመጣው። ዛሬም የሚጓዘው በጭነት ነው፤ በአሸዋ፣ በገረጋንቲ፣ በሲኖው ጎማ፣ በኤክስካቫተሩ ጥርስ ላይ በደረቀ ጭቃ።

ጣና በእምቦጭ ሲወረር ሁላችንም ጮኸናል። ትክክል ነበር። በራችን ላይ የበቀለውን ግን «ሣር ነው» ብለን እናልፋለን። ሳይት ላይ ፌሮው ይቆጠራል፣ ሲሚንቶው ይለካል፤ አሸዋው ከየት እንደተጫነ የሚጠይቅ ግን አላየሁም።

የተማርኩትን ልንገራችሁ። አሸዋ ከመግዛታችሁ በፊት የሚጫንበት ቦታ አረም እንዳለው ጠይቁ። ማሽን ከሌላ ሳይት ሲመጣ ጭቃውን አራግፉ፣ እጠቡ። ክምሩን ለወራት አታስቀምጡ፤ ከዘገየ በየሁለት ሳምንቱ እዩት። አረሙ ሳያብብ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ በጓንት ከነሥሩ ይነቀል። ካበበ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ በጥልቅ ይቀበር እንጂ ወንዝ ዳር አይጣል፤ ወንዝ ዘሩን ለታችኛው ሰፈር ያደርሳል። ባዶ የቀረውን መሬት ሣር አልብሱት፤ ክፍት ቦታ ይወዳልና።

ለእማማ እውነቱን ለመንገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጓንት አምጣ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስድስት ከረጢት ሞላን። ላሟ አሁን የምትበላው ተገዝቶ የሚመጣ ድርቆሽ ነው፤ ሒሳቡን የምከፍለው እኔ ነኝ። ወንዝ ዳሩ ግን በመጪው ክረምት እንደገና እንደሚያበቅል አውቃለሁ። ዘሩ ከእኔ ቤት በፊት ነው መሠረት የጣለው።

የእናንተ ሳይት አሸዋ ላይ ምን በቅሏል? ዛሬ ስትወጡ እዩት።