አጠገብህ ነኝ፣ አላየኸኝም እንዴ?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ወደ ሆሳዕና ብትመጡ፣ ከመናኸሪያው ወርዳችሁ ጥቂት እንደ ተራመዳችሁ፣ በሩ በመጋረጃ የተሸፈነ፣ ከውስጡም የወጣቶች ጩኸት የሚሰማበት አንድ ቤት ሳታገኙ አትቀሩም። ፕሌይስቴሽን ቤት ይሉታል። በዱራሜም በሾኔም እንዲሁ ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ስለ ሆንሁ፣ ተማሪዎቼ ከዚያ ቤት ደጃፍ እንዳይደርሱ ስመክርና ስገሥጽ የኖርሁ ሰው ነኝ። እንግዲህ ያው መካሪ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ በገዛ ቤቱ የመኪና እሽቅድምድም መጫወቻ ለመትከል ምን ያህል እንደ ደከመ ስነግራችሁ ብትስቁብኝ አልቀየምም። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታላቅ ወንድሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነበር። ከሐዲያና ከከምባታ ወደዚያ አገር የሄደው ወጣት ብዙ ስለ ሆነ፣ የእኛ ቤት ታሪክ ከጎረቤቶቻችን የተለየ አይደለም። ስልክ ይደወላል፤ ገንዘብ ይላካል፤ መስቀል ሲቃረብ እናቴ «ዘንድሮስ ይመጣ ይሆን?» ትላለች፤ አይመጣም። ባለፈው መስቀል ግን ከዚያ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ አንድ ከባድ ካርቶን አደረሰን። እናቴ ብርድ ልብስ መስሏት ነበር። ተከፍቶ ሲታይ የመኪና መሪ ከነፔዳሉ ሆኖ ተገኘ።

ሎጂቴክ ጂ 29 የሚባለው ዓይነት ነው። ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ አለው፤ መሪውም ከዳር እስከ ዳር 900 ዲግሪ፣ ማለትም ሁለት ዙር ተኩል ይዞራል። ጎማው ሲንሸራተት እጅን ይታገላል። ወንድሜ በስልክ፣ «እኔም እንደዚሁ ያለ አንድ አለኝ። ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ ማታ ማታ አብረን እንነዳለን» አለኝ። ልጅ ሳለ ሐሳቡ ሁሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር መሆን ነበር። የቆርቆሮ ክዳን መሪ አድርጎ፣ እኔን ረዳት አድርጎ በጓሮ እንሰት መካከል ስንት ጊዜ አዲስ አበባ አድርሶኛል!

የምንጫወተው «አሴቶ ኮርሳ» የተባለውን ነው፤ ኩኖስ የሚባል የኢጣልያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው። የመረጠልንም ሜዳ ኪያላሚ ነው። ይህ በጆሐንስበርግና በፕሪቶሪያ መካከል የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተ የእሽቅድምድም ሜዳ ሲሆን፣ ከ1967 እስከ 1993 ባሉት የተለያዩ ዓመታት የፎርሙላ ዋን ውድድር ተካሂዶበታል። ለእኛ ጨዋታ እንዲሆን አድርገው የሠሩት አፍቃሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ወንድሜ በእውነተኛው ሜዳ አጠገብ በታክሲ ያልፋል እንጂ ገብቶበት አያውቅም።

እነሆ መሪው በነፃ መጣ፤ ኮምፒዩተሩን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሮጌውን ሸጠልኝ። የቀረው ስክሪኑ ነው፤ የእኔም መከራ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

እንደ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ የተመኘሁት ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር። አንድ ወዳጄ በሳሎኑ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ስላለው፣ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ዕቃዬን በባጃጅ ጭኜ ሄድሁና ሦስት ማታ ነዳሁበት። ሥዕሉ ግድግዳ ያክላል፤ ቀለሙ ያምራል፤ የወዳጄም ልጆች አጨበጨቡልኝ። በሦስተኛው ማታ ግን፣ ወደ ግራ የሚታጠፈውን መንገድ ለመያዝ መሪውን ሳዞር ከአንድ መኪና ጋር ተላተምሁና ሁለታችንም ከመንገድ ወጣን። ወንድሜ ኖሯል። በጆሮዬ ባለው ማዳመጫ፣ «አጠገብህ ነኝ እኮ! አላየኸኝም እንዴ?» አለ።

እየሣቀ ነው የተናገረው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። በእርግጥም አላየሁትም ነበር።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት የጥቁር ሰሌዳ ፕሮትራክተርና ሜትር ተውሼ ወደ ወዳጄ ሳሎን ተመለስሁ። ሒሳቡ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ የማይከብድ ነው። የስክሪኑን ወርድ እኩሌታ፣ ከዐይናችሁ እስከ ስክሪኑ ላለው ርቀት ታካፍላላችሁ፤ ታንጀንቱ ያ ቁጥር የሆነውን ማዕዘን ትፈልጉና እጥፍ ታደርጉታላችሁ። ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ 122 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ የተቀመጥሁት 2 ሜትር ተኩል ርቄ ስለ ነበር፣ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ከዐይኔ የያዘው ማዕዘን 27 ዲግሪ ብቻ ሆነ። ወዲያው ደግሞ በትምህርት ቤታችን ቢሮ ያለውን ተራ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ለካሁ። ወርዱ 53 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢቀመጡበት 48 ዲግሪ ይይዛል። ትንሹ ሞኒተር ቀርቦ፣ ትልቁን ቴሌቪዥን ርቆ ካለበት እጥፍ ሊያህል ምንም አልቀረው! አላመንሁም፤ ሁለት ጊዜ አሰላሁት።

የሰው ሁለት ዐይኖች በአንድነት ወደ ጎን 180 ዲግሪና ከዚያም በላይ ያያሉ። በዳር በኩል የምናየው ፊደል የሚነበብበት አይደለም፤ ነገር ግን የሚንቀሳቀስን ነገር ቶሎ ይነግረናል። ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚኒባስ ከፊት ወንበር ተቀምጣችሁ የሄዳችሁ እንደሆነ ሾፌሩን ልብ በሉት። ፊቱን ሳያዞር፣ ከእንሰቱ ውስጥ ብቅ ያለችውን ፍየል፣ ከገበያ የሚመለሰውንም ሽማግሌ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን ያደርጋል። በ27 ዲግሪ ቀዳዳ እያየ ቢነዳ ኖሮ አንጋጫ ሳይደርስ ስንቱን ባጠፋ ነበር።

ኮምፒዩተሩ ይህንን ችግር በማታለል ሊሸፍነው ይሞክራል። ሰፊውን መንገድ ጨምቆ በጠባቡ ስክሪን ላይ ያሳያችኋል፤ በዚህ ጊዜ ነገሩ ሁሉ አንሶና ርቆ ይታያል። ኩርባው ገና ሩቅ ነው ስትሉ አፍንጫችሁ ሥር ደርሷል፤ ፍጥነታችሁም ከእውነተኛው የበለጠ ይመስላችኋል። ማዕዘኑን እንደ ሒሳቡ ብታስተካክሉት ደግሞ ሁሉም እውነተኛ መጠኑን ይይዛል፤ ጎንና ጎናችሁ ግን ይታወራል። ስለዚህ በአንድ ስክሪን ወይ ርቀቱን በትክክል ታያላችሁ፣ ወይ አጠገባችሁ ያለውን ታያላችሁ እንጂ ሁለቱን ባንድነት አታገኙም። ቴሌቪዥን ሌላም ጠንቅ አለው፤ ሥዕሉን ለማሳመር ሲል ያዘገየዋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። የጨዋታ ማስተካከያው ሲከፈት ይሻላል፤ ወዳጄ ግን ነክቶት አያውቅም ነበር።

እንግዲህ ምርጫዬን ልንገራችሁ። ባለ 34 ኢንች ሰፊ ሞኒተር አለ፤ ወርዱ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ፣ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት 67 ዲግሪ ያህል ይሰጣል። የሚያምር ዕቃ ነው፤ ገንዘብ ያለው ይግዛው። ወንድሜን ግን አሁንም አያሳየኝም። በራስ ላይ የሚጠለቀው ቪአር የሚሉት መነጽር ደግሞ አንገትን አዙሮ ዙሪያውን ሁሉ ለማየት ያስችላል፤ ከሁሉም የሚበልጥ እርሱ ነው የሚሉ አሉ፤ ውሸት አይመስለኝም። አንዳንዱን ሰው ያቅለሸልሸዋል እንጂ። እኔን ግን ያስተወኝ ማቅለሽለሹ ሳይሆን ሌላ ምክንያት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው፣ ሦስት እኩል ሞኒተሮችን እንደ መኪና መስኮት ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ መትከል ነው። ባለ 24 ኢንቹን ሦስት ጊዜ 48 ብንለው 144 ዲግሪ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ግን በአንዱ ፈንታ የሦስት ስክሪን ሥዕል መሳል አለበት፤ ማለትም ከሁለት ሚሊዮን ነጥብ ወደ ስድስት ሚሊዮን ይደርሳል። ለእኔው አሮጌ ኮምፒዩተር ዛፉንም ተመልካቹንም ቀንሼ፣ ሰማዩን ባዶ አድርጌ መንዳት ግድ ነበር። ሰማይ ለማየት አልተቀመጥሁምና ግድ የለኝም።

የቸገረኝ ገንዘቡ ነው። ያገለገለ ሞኒተር ቢሆንም የሦስቱ ዋጋ ሁለት ወር ደመወዜን ይወስዳል፤ ያጠራቀምሁት ደግሞ ለእናቴ ማድ ቤት ቆርቆሮ ነበር። የድሮው ቆርቆሮ ዝገቱ በልቶት ክረምቱን ያፈስሳል። ብዙ ቀን ዝም ብዬ ቆይቼ አንድ ማታ ነገሩን ሁሉ ነገርኋት፤ ስለ መሪው፣ ስለ ዲግሪው፣ ስለ ግጭቱም። ዲግሪው እንዳልገባት ያስታውቃል። እርስዋ የጠየቀችኝ፣ «ስትነዱ እኔ አጠገብህ ብቀመጥ እርሱን አየዋለሁ?» ብላ ነው። «መኪናውን ታዪያለሽ፤ ድምፁንም ትሰሚያለሽ» አልኋት። «ማድ ቤቱ ለሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል» አለች። መነጽሩን የተውሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኔ ራስ ላይ ቢጠለቅ ለእናቴ ምን ይተርፋል?

ሞኒተሮቹን ከአዲስ አበባ ገዝቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ በቡታጅራ በኩል በአውቶቡስ አመጣኋቸው። ከሦስቱ አንዱ መንገድ ላይ ይሁን ከሻጩ ቤት፣ በላዩ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ወጥቶበት ተገኘ። በቀኝ በኩል አደረግሁት። አናጺ የባሕር ዛፍ ጠረጴዛ ሠራልኝ፤ የጎንና የጎኑን ወደ እኔ 48 ዲግሪ አዞርኋቸው፤ ከፕሮትራክተሩ ጋር እንደ ገና ተገናኘን። የሦስቱም መካከል ከዐይኔ እኩል 60 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ በሲባጎ ለካሁ። መጠናቸው እኩል ካልሆነ መንገዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ይሰበራል፤ ለመግዛት ያሰባችሁ ይህን አትርሱ። ስታቢላይዘርም አትርሱ፤ በእኛ ከተማ የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍና ዝቅ ይላልና።

ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ማታ እናቴ ነጠላዋን ደርባ በግራዬ ተቀመጠች። ውድድሩ ተጀመረ። በሁለተኛው ዙር፣ ከግራው ሞኒተር ዳር አንድ ነጭ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ቀስ በቀስ መብራቱ፣ ኋላም በሩ ታየ። መሪውን ሳላዞር ቦታ ተውሁለት። ጎን ለጎን ሆነን ያንን ኩርባ ታጠፍን።

«የቱ ነው?» አለች እናቴ።

«ይኸ ነጩ።»

ወንበርዋን ስባ ወደ ግራው ሞኒተር ተጠጋች። እጅዋን በመስታወቱ ላይ ስታደርግ አየኋት፤ ይበላሻል ልላት አፌን ከፍቼ ተውሁት። «ቀስ ብሎ ይንዳ በለው» አለች።

ልነግረው ስል መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆይተን ስልኬ ጮኸ።

«የት ገባህ? አሁን አጠገቤ ነበርህ!»

«መብራት ጠፋ።»

«እማዬስ?»

«እዚሁ ናት። ቀስ ብሎ ይንዳ ትላለች።»