አንድ ሪፖርት፣ ሦስት ሕዝብ

በስዊድን ስንት ኢትዮጵያውያን አሉ? ይህን የሚጠይቅ ሰው የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ነው። የአገሩ መዝገብ ግን ቁጥሩን ከመስጠቱ በፊት መልሶ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ የተወለዱት ናቸው? የኢትዮጵያ ዜግነት የያዙት ናቸው? ወይስ እዚህ ተወልደው እናትና አባታቸው ከኢትዮጵያ የመጡትም ይጨመራሉ? ይህ የመረጃ እጦት ያመጣው ማመንታት አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1749 ጀምሮ በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት መዝገብ ላይ ተመሥርታ ሕዝቧን ስትቆጥር የኖረች አገር ናት፤ ዛሬም ነዋሪዎቿ በግል መለያ ቁጥር ተመዝግበው ይኖራሉ። ጥያቄው የሚነሣው መዝገቡ ብዙ ነገር ስለሚያውቅ ነው።

ሦስቱ ማጣሪያዎች ሦስት የተለያዩ ሕዝቦችን ያወጣሉ። የትውልድ አገር ማጣሪያ በሕፃንነታቸው በጉዲፈቻ የመጡትን ያካትታል፤ እዚህ የተወለዱትን ልጆቻችንን ግን ይተዋል። የዜግነት ማጣሪያ ስዊድናዊ የሆኑትን ሁሉ ያስወጣል። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ጥምር ዜግነትን ብትፈቅድም የኢትዮጵያ ሕግ አይፈቅድምና፣ ለብዙዎቻችን አንዱን መያዝ ሌላውን መተው ነው። የወላጆች ማጣሪያም የራሱ ድንበር አለው። የስዊድን የስታቲስቲክስ ቢሮ «የውጭ ዳራ ያለው» የሚለው በውጭ አገር የተወለደን ወይም ሁለቱም ወላጆቹ በውጭ አገር የተወለዱበትን ሰው ነው። ስለዚህ እናቱ ከጎንደር፣ አባቱ ከኡፕሳላ የሆነ፣ ስቶክሆልም የተወለደ ልጅ በዚህ ትርጉም የስዊድን ዳራ ካላቸው ጋር ይቆጠራል።

ከሦስቱ አንዱም ስሕተት አይደለም። ጉዳት የሚመጣው በአንድ ሪፖርት ውስጥ ሳይታወቅ ሲደባለቁ ነው። በዚህ ከተማ አንድ ማኅበር ለድጋፍ ማመልከቻ ያስጠናቀረውን ሪፖርት እንዳነብለት ሰጥቶኝ ነበር። የመኖሪያ ቤት ክፍሉ በትውልድ አገር፣ የሥራ ክፍሉ በዜግነት፣ የልጆች ክፍሉ ደግሞ በወላጆች የትውልድ አገር ተጣርቶ ነበር። ክፍሎቹን ያዘጋጁት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በእጃቸው ከነበረው ሠንጠረዥ ጋር የሚስማማውን መርጠዋል። በሦስቱም ገጾች ራስጌ ላይ የተጻፈው ግን «ኢትዮጵያውያን» የሚል አንድ ቃል ነው።

ውጤቱን ለማየት የሥራ ክፍሉን መመርመር ይበቃል። ለረጅም ዓመታት ኖረው፣ ቋንቋውን ለምደው፣ ሥራ ይዘው የስዊድን ዜግነት ያገኙት በዜግነት ማጣሪያው ምክንያት ከሠንጠረዡ ወጥተዋል። የቀሩት በአመዛኙ በቅርቡ የመጡት ናቸው። አዲስ መጤ ደግሞ በየትኛውም አገር ሥራ ለማግኘት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ማኅበረሰቡ ከእውነቱ ይልቅ ሥራ አጥ መስሎ ታየ። የመኖሪያ ቤት ክፍሉ ግን እነዚያኑ ከሥራ ክፍሉ የወጡትን ሰዎች አካትቶ ነበር። ሁለቱን ገጾች አጠገብ ለአጠገብ የሚያነብ የከተማ ሹም «ሥራ የላቸውም፤ ቤታቸው ግን ደኅና ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። እንዲህ ያለ ሕዝብ በየትኛውም መንደር አይኖርም፤ የተፈጠረው በሁለት ማጣሪያዎች መካከል ነው።

የመረጃ ቋት ባለሙያዎች ለዚህ ያላቸው መድኃኒት ቀላል ነው። እያንዳንዱ የሪፖርት ክፍል የራሱን ማጣሪያ በራሱ መጠይቅ ውስጥ ከሚሸሽግ ይልቅ፣ ማን፣ የት፣ መቼ የሚሉት ምርጫዎች አንድ ጊዜ በሪፖርቱ መግቢያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ክፍሎቹም ሁሉ ከዚያው ያነብባሉ። ምርጫው ሲለወጥ ሁሉም አብረው ይለወጣሉ። ይህ ጊዜ ቆጣቢ ዘዴ ተደርጎ ይነገራል፤ እውነትም ጊዜ ይቆጥባል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። በየመጠይቁ ተበታትኖ የነበረው ውሳኔ ወደ አንድ ቦታ ይመጣና ባለሙያ ያልሆነ ሰውም ሊያየውና ሊከራከርበት ይችላል።

ሆኖም አንድን ዋጋ ለሁሉም ማካፈል አንድን ትርጉም ማካፈል አይደለም። ኤርትራ ነጻነቷን ያወጀችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ከዚያ በፊት በስደት ከመጡት መካከል አስመራና ከረን ተወልደው የትውልድ አገራቸው ኢትዮጵያ ተብሎ የተመዘገበ ብዙዎች አሉ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ማጣሪያ በአረጋውያን ክፍል ውስጥ እነዚህን ይይዛል፤ በወጣቶች ክፍል ውስጥ ግን ከአስመራ የመጣውን አይይዝም። ቃሉ አንድ ሲሆን በሁለቱ ገጾች ላይ የቆመለት ምድር ይለያያል።

የቦታ ማጣሪያም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የስቶክሆልም ከተማ ሪንከቢ-ሺስታንና ስፖንጋ-ቴንስታን አዋሕዳ ያርቫ የሚባል አንድ የአስተዳደር ክፍል መሠረተች። በዚያው ዓመት በአገራችን የቀድሞው ደቡብ ክልል፣ ሲዳማና ደቡብ ምዕራብ አስቀድመው ከወጡለት በኋላ፣ የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። እዚህ ሁለቱ አንድ ሆኑ፤ እዚያ አንዱ ሁለት ሆነ። በአንድ የቦታ ስም የብዙ ዓመታትን መረጃ የሚያጣራ ሪፖርት በሁለቱም አገሮች ያላንዳች የስሕተት መልእክት የተሳሳተ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል።

ከአገር ቤት ጋር በጋራ ለምንሠራ ደግሞ የጊዜ ማጣሪያ አለ። የኢትዮጵያ የ2017 በጀት ዓመት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2024 ጀምሮ ሐምሌ 7 ቀን 2025 ያበቃል። «2017» የሚለውን ዋጋ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሠንጠረዥና ከስቶክሆልም ለመጣ ሠንጠረዥ እኩል ያካፈለ ሪፖርት ሰባት ዓመት ተኩል ያህል የሚራራቁ ጊዜያትን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበትና በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 የእኛን የዘመን አቆጣጠር ይደግፋል፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ግን ጥቂት ነው። የሚሻለው የዓመት ስምን ትቶ የመነሻና የመድረሻ ቀንን ማካፈል ነው።

ከጋራው ማጣሪያ ውጭ መሆን የሚገባው ክፍልም ይኖራል። በስዊድን ሕግ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ቢያንስ አምስት ተማሪዎች ከጠየቁና ተስማሚ መምህር ከተገኘ ከተማው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት የማቅረብ ግዴታ አለበት። እዚህ የሚቆጠረው ቋንቋ ነው፤ ልጁ የት ተወለደ የሚለው አይጠየቅም። «በኢትዮጵያ የተወለደ» የሚለው ማጣሪያ በዚህ ክፍል ላይ ከወደቀ ስቶክሆልም የተወለዱት የአማርኛ ተማሪዎች ከሠንጠረዡ ይጠፋሉ፤ አምስት የነበሩት ሁለት ይሆናሉ፤ ሪፖርቱም ክፍል ሊከፈትላቸው የሚገባቸውን ልጆች የሉም ይላል። እንዲህ ያለው ክፍል በራሱ ማጣሪያ ይቁም፤ ነገር ግን «ይህ ክፍል የተቆጠረው በቋንቋ ነው» የሚል አንድ መስመር ከራስጌው ሥር ይጻፍለት።

ማጣሪያን ማጥበብም ወሰን አለው። የስዊድን መዝገብ ብሔርን አይመዘግብም፤ ስለዚህ አንዳንዶቻችን የምንመኘው ከዚያ የጠበበ ቆጠራ ከመዝገቡ አይገኝም። በተመዘገበውም ቢሆን የትውልድ አገር፣ ሰፈር፣ ዕድሜና የሥራ ዘርፍ በአንድነት በሁሉም ክፍሎች ላይ ሲያርፉ፣ በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ሠንጠረዡ ሦስት ወይም አራት ሰው ብቻ ይዞ ይቀራል። እነዚያን ሰዎች ጎረቤቶቻቸው በስም ያውቋቸዋል። አንዱ ክፍል ዕድሜያቸውን፣ ሌላው ገቢያቸውን የሚነግር ከሆነ የጋራው ማጣሪያ ገመናቸውን አውጥቷል ማለት ነው። ዝቅተኛው የሰው ቁጥር ስንት ይሁን የሚለውም ከማጣሪያዎቹ ጋር በመግቢያው ላይ መወሰን አለበት።

እንግዲህ «እኛ» የሚለውን ማን ይወስን? የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ራሱ ሌላ መልስ አለው፤ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ የኢትዮጵያ ዜጋ የነበረን ሰው እስከ ማካተት ይሄዳል። የስዊድን ስታቲስቲክስ ከወላጅ በላይ አይወጣም። ሁለቱም ለየዓላማቸው የተበጁ ናቸው። ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚጻፍ ሪፖርት የትውልድ አገርን፣ ለቋንቋ ትምህርት የሚጻፈው ቋንቋን፣ ለኢንቨስትመንት መብት የሚጻፈው የትውልድ ሐረግን ቢመርጥ ተገቢ ነው። ተገቢ የማይሆነው ምርጫውን ሠንጠረዡን ቀድሞ ላገኘው ሰው መተው ነው።

ስለዚህ ማኅበሮቻችንና ተቋሞቻችን ሪፖርት ሲያዝዙ ከቁጥሩ በፊት አንድ ገጽ ይጠይቁ። በዚያ ገጽ ላይ ማን እንደተቆጠረ፣ በየትኛው ወሰን፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ የትኞቹ ክፍሎች እንደተለዩና ለምን እንደተለዩ በግልጽ አማርኛም በስዊድንኛም ይጻፍ፤ የቦርድ አባላትም ተወያይተው ያጽድቁት። በጉዲፈቻ የመጡት ይካተቱ ወይ፣ በኢትዮጵያ ስም የተመዘገቡት ኤርትራውያን ምን ይባሉ የሚሉት ጥያቄዎች አከራካሪ መሆናቸው አይቀርም። ክርክሩ ሪፖርቱ ከመታተሙ በፊት በስብሰባ ላይ ቢካሄድ፣ ከታተመ በኋላ ቁጥሩን ለሚጠራጠር ሹም መልስ ከመፈለግ ይቀልላል።