ገጹ የኪራይ ሱቅ ነው፤ ደብተሩ ግን የራሳችን ነው

«ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከሌላችሁ የላችሁም» የሚለው ምክር እኛ ኢንጅባራም ደርሷል። አጎቴ ከነቤተሰቡ የሚተዳደረው በቀርከሃ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ በግሌ ለተለያዩ ሚዲያዎች እየጻፍኩ የምኖር ጋዜጠኛ ነኝና የፌስቡክና የቴሌግራም ገጻቸውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ባየሁት ምክሩ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው።

ልክ ከሆነው ግማሽ ልጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ኢንጅባራን አቋርጦ ያልፋል። የቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ የሚሠራ ሰው ገበያው መንገደኛው ነበር፤ መኪናው ከቆመ ይሸጣል፣ ካልቆመ እጁን አጣጥፎ ይውላል። ገጹ ይህን ቀየረው። ገዢ ያመጣልን ግን ያማረ የሶፋ ፎቶ አልነበረም። አጎቴ የደረሰ ቀርከሃ ከለጋው እንዴት እንደሚለይ ሲናገር የቀረጽኩት አጭር ቪዲዮ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ቶሎ ይገባበታል። «ይኼን ማን አጥቶት ነው የምትቀርጸው?» ብሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ገዢ ግን አያውቀውም። ዕቃውን በእጁ ዳስሶ ማየት ስለማይችል፣ የሚያምነው ሠሪው ሥራውን እንደሚያውቅ ሲያይ ነው።

ሌላው ዋጋ ነው። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ልማድ ትተን ዋጋውን፣ መጠኑንና ስንት ቀን እንደሚፈጅ በግልጽ ስንጽፍ፣ ለጨዋታ የሚጠይቀው ቀነሰ፤ ሊገዛ የሚደውለው በዛ።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ተገድበው ቆዩ። ገደቡ ተነሣ ብለን ሳንጨርስ፣ በዚያው ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ብዙ ቦታ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አልተመለሰም። በሺህ የሚቆጠር ተከታይ ያለው ገጽ በአንድ ሌሊት የተቆለፈ ሱቅ ሆነ፤ ቁልፉም በእኛ እጅ አልነበረም።

ሥራውን ያቆየው የአጎቴ ባለቤት ደብተር ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱን ገዢ ስም፣ ስልክ ቁጥርና የወሰደውን ዕቃ ስትጽፍ ነበር። ስልክ በሚሠራበት ቀን ሁሉ ትደውላለች፤ «ወንበሩ እንዴት ሆነ? ደኅና ናችሁ?» ትላለች። አንዳንዱ ሌላ ዕቃ አዘዘ፣ አንዳንዱ ጎረቤቱን አገናኛት። ገበያው ቀነሰ እንጂ አልሞተም። ገጽ ብቻ የነበራቸው የማውቃቸው ሰዎች ግን ደንበኞቻቸውን የሚያገኙበት መንገድ አጡ።

ይህ ለአዊ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 የሚያከብረው በዓል ዛሬ በየስልካችን ይዘዋወራል። ሰውን ያስተሳሰረው ግን ማኅበሩ ነው፤ ካሜራው በኋላ መጣ።

ስለዚህ ለወጣቶች የዲጂታል ገበያ ሥልጠና የምትሰጡ ሁሉ፣ ከቪዲዮ አቀራረጽ ጎን የደንበኛ መዝገብ አያያዝንም አስተምሩ። እናንተ ገዢዎችም የእጅ ሥራ ስታዩ ላይክ አድርጋችሁ ብቻ አትለፉ፤ የሠሪውን ስልክ ቁጥር መዝግቡ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያገናኛችሁ እሱ ነው።